አልጋው እንዳይሰማ

ማድ ቤት ውስጥ፣ የፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጬ መተኛት ከጀመርኩ ዛሬ አሥራ አንድ ቀኔ ነው። ወገቤን በመቀነት ጥፍር አድርጌ አስሬዋለሁ።

መኝታ ቤት ሆስፒታሉ የሰጠኝ አልጋ አለ። የጡት ካንሰር ታካሚ ሁሉ ይሰጣታል። ከአተኛኘትና ከንግግር ሕመም እየለየ ለሆስፒታሉ ያሳብቃል። ወገቧን ያመማት ሴት ካንሰሩ አጥንቷ ገብቷል ተብላ የጨረር ሕክምናዋ ይቋረጥባታል። የእኔ ግን ከጨረሩ ጠረጴዛ የመጣ ነው! እንደ ጣውላ የደረቀ ነገር ላይ ክንዴን ሰቅዬ ስጋደም ነው የጀመረኝ። ማን ይስማኝ? የቀረኝ የአራት ቀን ጨረር ብቻ ነው።

ከሰዓት በኋላ ጎረቤቴ እትዬ የሻረግ ብርቱካን ይዘው ሊጠይቁኝ መጡ። ከማድ ቤት እስክወጣ ድረስ መኝታ ቤት ገብተው፣ እንደ ልማዳቸው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል። ጣቴን አፌ ላይ አድርጌ ዝም እንዲሉ ለመንኳቸው። አልገባቸውም።

«ያ ወገብሽ እንዴት ሆነልሽ የኔ ልጅ? ትናንት ስታለቅሺ በግድግዳው ሰምቼ አላስቻለኝም» አሉ።

አልጋው በለሰለሰ ድምፅ ተናገረ። «የወገብ ሕመም ተመዝግቧል። የነገው የጨረር ተራዎ ለሌላ ታካሚ ተላልፏል። እግዜር ይማርዎ።»

«አሜን፣ አሜን» አሉ እትዬ የሻረግ፣ ብርቱካኑን ከራስጌው እየደረደሩ።

መቀነቴን ፈታሁ። ከአሥራ አንድ ቀን በኋላ አልጋዬ ላይ ጋደም አልኩ። እንዴት ይመቻል።