ያልተጣራው ውሃ

የፓምፕ ሠራተኛው የኋለኛውን ታንክ መክፈቻ መዘውር በሁለት እጁ አቅፎ ያዘ። መርከቧ ባዶዋን ስትጓዝ ሚዛን እንዲጠብቅላት ከሩቅ ወደብ የቀዳችው ውሃ፣ ጭነት ከመጫኗ በፊት ሳይጣራ ባሕሩ ውስጥ ሊለቀቅ ነበር። ማጣሪያው ከተበላሸ ሦስት ቀን ሆኖታል።

«ክፈተው እንጂ! ጭነቱ እየጠበቀን ነው» አለ ካፒቴኑ።

«በልጆችዎ አምላክ ይዤዎታለሁ! የአባቴን ባሕር ዓሣ አልባ ያደረገው እንዲህ ካለ ውሃ የወጣ እንግዳ ፍጥረት ነው። የዓሣውን እንቁላል በልቶ ጨረሰው። አባቴ መረቡን ሸጦ ዘበኛ ሆነ።»

ካፒቴኑ አንገቱን ደፋ። «የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም፣ ልጄ። የፊተኛውን ታንክ ጠዋት ራሴ ከፍቼዋለሁ።»

ሠራተኛው ወለሉ ላይ ዝርፍጥ አለ፤ እጆቹ ግን ከመዘውሩ አልወረዱም።

«ይሄኛውን በቁሜ አይከፍቱትም» አለ እያለቀሰ።