የላስቲኩ ቁስለኛ

ለጦር ግንባር ቅርብ በሆነ ሆስፒታል ነርሶችን በበጎ ፈቃድ ሊያሠለጥን የመጣው ወጣት ሐኪም ስልኩን ከድምፅ ማጉያው ጋር አገናኝቶ፣ ሳይናገር ሳይጋገር የቦምብ ፍንዳታ ለቀቀባቸው። ትንሽ ላስደንግጣቸው፣ በግርግር መሀል ቁስለኛ ማከም ይልመዱ ብሎ ነበር። መስኮቱ ተንቀጠቀጠ። ዐሥራ አንዱም ነርሶች በአንድ አፍታ ወለሉ ላይ ተደፉ፤ አብዛኞቹ አልጋና ጠረጴዛ ሥር ገቡ። ሐኪሙ ሳቁን አፍኖ፣ «ቁስለኛውን ለማን ጥላችሁት ነው?» ሊላቸው አፉን ከፈተ።

ያኔ ነው እግሩ ሥር ያለችውን አንጋፋዋን ነርስ ያያት። በዕድሜ እናቱ ትሆናለች፤ «ሲስተር፣ ፍጠኚ እንጂ!» እያለ ሲያመናጭቃት ያረፈደውም እሷኑ ነበር። ቁስለኛ ተብሎ የተኛውን የመለማመጃ የላስቲክ አሻንጉሊት ከአልጋው አውርዳ፣ ጭንቅላቱን በክንዷ ከልላ፣ ሙሉ ሰውነቷን አልብሳው ተኝታለች። በሌላ እጇ የሐኪሙን ሱሪ ጨምድዳ ወደ ታች ትጎትታለች።

«ዝቅ በል! ዝቅ በል እንጂ፣ አንተ ልጅ!»

አጠገቧ ተንበረከከ። ስልኩን እንደ ሌባ ኪሱ ውስጥ ከተተው። ከኀፍረቱ ብዛት ምድር ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። ነርሷ ፊቱ አመድ መምሰሉን ስታይ እጇን በጋውኑ ሥር ሰደደች። ደረቱን ዳበሰች፣ ጎኑን ዳበሰች፣ መዳፏን አውጥታ ደም ይኖረው እንደሆነ አገላብጣ አየችው።

«የቱ ጋ ነው የመታህ፣ ልጄ?» አለችው። «አይዞህ፣ አለሁልህ።»