ደጅ የታሰረው ውሻ

የልጃቸው የሽኝት ጸሎት እየተጸለየ እትዬ ሥርጉት ዐይናቸውን ገለጡ። ከውጭ፣ ከሎስ አንጀለስ ፌርፋክስ ጎዳና በኩል፣ ውሻ ያላዝናል። አጠገባቸው የተቀመጠው የሟች ልጃቸው ባል አሮን ዐይነ ስውር ነው። ግራ እጁ ከወንበሩ ጎን ወርዳ ውሻው ኩፐር የሚተኛበትን ባዶ ቦታ ትዳብሳለች።

"ኩፐር የት ነው?" አሉት ወደ ጆሮው ጠጋ ብለው።

"ውጭ ነው እማዬ። በሩ ላይ ጋሽ ነጋሽ አይገባም ብለው የፓርኪንግ ሜትሩ ብረት ላይ አሰሩልኝ።" እጁን ወደ ጭኑ መለሰና፣ "ኦኬ ነው። ለእርስዎም ይሻላል ብዬ ነው ዝም ያልኩት" አለ።

ለእርስዎም። እትዬ ሥርጉት አንገታቸውን ደፉ።

የቄስ ልጅ ናቸው። የሰባት ዓመት ልጅ ሳሉ አንድ የተራበ ውሻ ሰተት ብሎ ቤተ ክርስቲያን ገባ። ወንዶቹ አሳደው አወጡትና በዱላ ገደሉት፤ ቤተ ክርስቲያኑም ተጸልዮበት ጠበል እስኪረጭ ድረስ ተዘጋ። አድገው ጌታን ሲቀበሉ ከአባታቸው ቤት ብዙ ነገር ትተው ወጡ። ውሻ መጸየፉ ግን አልለቀቃቸውም፤ አብሯቸው ሎስ አንጀለስ ገባ።

ስለዚህ አሮን ዐይኑ ጠፍቶ መሪ ውሻ የተሰጠው ጊዜ፣ "እሱ ባለበት ቤት እግሬ አይረግጥም" አሉ። ልጃቸው ሮሐ ለመነቻቸው። "እማዬ፣ ፕሊስ! ዝም ብሎ ውሻ'ኮ አይደለም፣ የአሮን ዐይን ነው።" እሳቸው ግን ወይ ፍንክች። ሁለት ዓመት ሙሉ ሮሐ ቅዳሜ ቅዳሜ ከቤቷ ከባልድዊን ሂልስ እሳቸው ቤት ክሬንሾው ብቻዋን ድራይቭ እያደረገች ጠየቀቻቸው።

እሳቸው የሄዱት የያዛት ካንሰር አላስነዳ ሲላት ነው። መኝታ ቤት ሲገቡ ኩፐር አገጩን ፍራሹ ላይ አሳርፏል፣ የሮሐ እጅ ጭንቅላቱ ላይ ነው። ሕመሙ ሲነሳባት ከሁሉም ቀድሞ የሚያውቀው እሱ ነበር፤ ሄዶ አሮንን በአፍንጫው ይገፋዋል። እትዬ ሥርጉት አሥራ አንድ ሳምንት እዚያው ከረሙ። አንድም ቀን ነክተውት አያውቁም።

አሁን ነጠላቸውን ሰብስበው ተነሡ። ደክሟቸው ነው ብላ አንዲት ሴት ልትደግፋቸው ብድግ አለች፤ በእጃቸው መለሷት። በሬሳ ሳጥኑ ፊት አልፈው፣ በወንበሮቹ መሀል ባለው መተላለፊያ ሄደው ወጡ።

የመስከረም ፀሐይ አስፋልቱን አግሎታል። ኩፐር አንዱን እግሩን ሲያነሣ ሌላውን ሲጥል ቆይቶ፣ ሲያያቸው ማላዘኑን አቆመ። እትዬ ሥርጉት አጎንብሰው ማሰሪያውን መፍታት ጀመሩ።

በሩን የሚጠብቁት ጋሽ ነጋሽ ከወንበራቸው ተነሡ። "እትዬ፣ ምን እያደረጉ ነው?"

"ላስገባው ነው።"

"ውሻ? ወደ ጉባኤ? እርስዎ የቄስ ልጅ አይደሉም እንዴ?"

"ነኝ።"

"ታዲያ ቅዱስ ቦታ መሆኑን ከእኔ በላይ ያውቁታል።"

"ሐሙስ ሐሙስ ዳንስ የሚማሩበት የኪራይ አዳራሽ ነው፣ ጋሽ ነጋሽ። የተቀደሰ ከሆነ ሰዎች ስለጸለዩበት ነው።"

ጋሽ ነጋሽ ከንፈራቸውን ነከሱ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ከማለዳ ጀምሮ ወንበር ሲደረድሩ የዋሉ እሳቸው ናቸው። "ሰው ምን ይላል?" አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

"እኔ ሁለት ዓመት ሙሉ ያልኩትን ይላላ።"

"ገብቶ ቢጮህስ?"

"እኛስ እየጮህን አይደል?"

ማሰሪያው ተፈታ። እትዬ ሥርጉት ቀና አሉ፤ እንባቸው ግን ወረደ። "አባቴ፣ በሀብታሙ ደጅ የወደቀውን የዚያን ድሃ ነገር ከወንጌል ሲያነቡ ያለቅሱ ነበር። ቁስሉን ውሾች ላሱለት የሚለው ጋ ሲደርሱ ድምፃቸው ይቆረጣል። ከዚያ ወጥተው ደጅ ያገኙትን ውሻ በድንጋይ ይሉታል። ልጅ ሆኜ አልገባኝም ነበር፤ ካደግሁም በኋላ አልገባኝም። ልጄ ታማ እስክትተኛ ድረስ።"

ጋሽ ነጋሽ ውሻው እንዳይነካቸው ሱሪያቸውን ሰብሰብ አድርገው ወደ ኋላ ሸሹ፤ ግን በሩን በአንድ እጃቸው ገፍተው ያዙላቸው።

በኩፐር ጀርባ ላይ አሮን የሚይዘው ጠንካራ እጀታ አለ። እትዬ ሥርጉት እጃቸውን ሰደዱ፣ መለሱ፣ እንደገና ሰደዱና ጨበጡት። ከእጀታው በታች የውሻው ገላ ሞቅ ብሎ ይተነፍሳል። አሮን ጠዋት ጠዋት ከቤት ሲወጣ ወደ ፊት እንዲመራው ምን እንደሚለው ብዙ ጊዜ ሰምተዋል።

"ፎርዋርድ" አሉት።

ኩፐር ተራመደ። የፈጠነባቸው መሰለውና ዝግ አለ፤ ደግሞ የበሩን ደፍ ሲያይ ቆሞ፣ እግራቸውን እስኪያነሡ ጠበቃቸው። ጥፍሮቹ የአዳራሹ ጣውላ ወለል ላይ ቀጭ ቀጭ ይላሉ። አንዲት አሮጊት "በኢየሱስ ስም!" አሉና ልብሳቸውን ሰበሰቡ። ሌላዋ ፊቷን አዞረች። የሚጸልየው ፓስተር ድንገት ዝም አለ፤ ቀና ብሎ አያቸውና ዐይኑን መልሶ ጨፍኖ ቀጠለ።

አሮን የጥፍሮቹን ድምፅ ሰምቶ ነበር። ኩፐር ከወንበሩ አጠገብ ደርሶ ሲቆም ግራ እጁን ዘረጋ፣ ጆሮውን አገኘ፣ ከጆሮው ወደ ጀርባው ወረደ፣ እጀታውን ፈለገ። እጀታው ላይ የሰው እጅ አለ።

"እማዬ?"

"እኔ ነኝ ልጄ።"

አሮን ግራ እጁን በእጃቸው ላይ አሳረፈ። እሳቸውም እጀታውን አልለቀቁም።