የማይቃጠል ፍሪሲዮን

የፍሪሲዮኑ ፔዳል ማንም ሳይረግጠው ከመኪናው ወለል መቶ ስልሳ ሚሊ ሜትር ከፍ ብሎ ይቆማል። ሚልካ በብረት ማስመሪያ ትለካውና ቁጥሩን በጠመኔ በሩ ላይ ትጽፈዋለች። መምህር በኃይሉ ከኋላዋ ቆሞ ያነብባል። ልኩ ደህና ነው። አለካኳም ደህና ነው፤ ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት እንጅባራ ላይ መካኒክነት ያስተማራት እሱ ነው።

ጠረጴዛዋ ላይ ሁለት የተቃጠሉ የፍሪሲዮን ሰሃኖች አሉ። ሁለቱም ከዚችው ከበኃይሉ ኮሮላ የወጡ ናቸው። የመጀመሪያው ሰባት ወር አገልግሏል፣ ሁለተኛው አራት። ሦስተኛው ከገባ ሁለት ወር ከአሥር ቀኑ ነው፤ እሱም ዛሬ ጠዋት የእንጅባራ ዳገት ላይ ተንሸራቶ ሽታው መኪናውን ሞላው።

በኃይሉ ዳንግላ ወደሚገኘው ጋራዧ የመጣው መርጦ ነው። የሚፈልገው ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ካርቶን ነው። ውስጡ ለእሽቅድምድም መኪና የተሠራ ፍሪሲዮን አለ፤ አንድ የባሕር ዳር ጎረምሳ አስመጥቶት ሳይወስደው ቀርቷል። ሰሃኑ ዙሪያውን ስድስት የመዳብ ጡቦች ተደርድረውበታል። እሳት አይፈራም።

ሚልካ ካርቶኑን ታወርደዋለች እንጂ አትከፍተውም። ይህ ዓይነቱ ወይ ይይዛል ወይ ይለቃል፣ መሀል የለውም ትለዋለች። ፔዳሉ ይከብዳል። ከጋሪ ኋላ እየቆሙ እየተነሱ በየቀኑ ለሚነዱት መኪና አይሆንም፤ በተነሱ ቁጥር እንደ በቅሎ ይራገጣል። በኃይሉ ራሱን ይነቀንቃል። ቃላቱ ሳይቀሩ የራሱ ናቸው።

ዳገቱ ነው ያስቸገረኝ ይላታል። ሚኒባሶቹም አሥራ አምስት ሰው ጭነው ያንኑ ዳገት ይወጣሉ፣ ፍሪሲዮናቸው ሁለት ዓመት ይሄዳል ትለዋለች።

ጋሪ ነጂው አድማሴ የጋሪውን ዘንግ ሊያስበይድ በሩ ላይ ተራ ይጠብቃል። "መምህር፣ ምን አደከመዎት" ይላል። "የኔ ፈረስ የሚያቃጥለው ገብስ ብቻ ነው።" ለፈረሱም በአገውኛ አንድ ነገር ጣል ያደርግለታል፤ ፈረሱ ጆሮውን ያዞራል። በኃይሉ ይስቃል። ሳቁ ቶሎ ያልቃል።

"ሰሃኖቹን አላዩአቸውም" ትላለች ሚልካ።

እውነቷን ነው። ከመጣ ጀምሮ በእጁ አልነካቸውም። ያኔ ቢሆን፣ የተቃጠለውን ሳያገላብጥ ስለ አዲሱ የሚያወራን ተማሪ ከክፍል ያስወጣው ነበር።

እሷ ታገላብጣቸዋለች። ፊታቸው ከዳር እስከ ዳር እኩል ጠቁሮ እንደ መስታወት ያብረቀርቃል። ጭነት እንዲህ አያቃጥልም። ፔዳሉ ሲረገጥ የመጀመሪያው አሥራ አምስት ሚሊ ሜትር ባዶ ነው፤ እሱ ካለፈ ሰሃኑ መልቀቅ ይጀምራል። እግሩን ፔዳሉ ላይ ጥሎ የሚነዳ ሰው ዳገቱን ሙሉ ሰሃኑን ሲያሽ ይወጣል። ይህንንም የነገራት እሱ ነው።

በኃይሉ ሠላሳ አንድ ዓመት ሲነዳ ግራ እግሩ ከማርሽ በኋላ ወለሉ ላይ እንደሚያርፍ ይነግራታል። ድምፁ ከሚገባው በላይ ጠንከር ይላል። ስኳር ከያዘው ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ባለፈው ጥቅምት ግራ ጫማው ውስጥ ጠጠር ይዞ ቀኑን ሙሉ ሲያስተምር ዋለ፤ ያወቀው ማታ ካልሲው በደም ርሶ ሲያገኘው ነው። ካልሲውን ራሱ አጠበው። ለማንም አልተናገረም።

እዚሁ ዳንግላ ቤታቸው የተኛችው ሚስቱ እቴናት ቀኝ ጎኗ አልታዘዝ ካላት ሁለት ዓመት ሆኗል። ጎረቤታቸው እንቁ እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት አብራት ትሆናለች፣ ከዚያ ወደ ልጆቿ ትሄዳለች። ትምህርት ቤቱ የሚለቀው አሥራ አንድ ሰዓት ነው። ከእንጅባራ ወደ ዳንግላ የሚነሳ ሚኒባስ ደግሞ ከአሥር ሰዓት በኋላ አይገኝም። ጡረታው ሁለት ዓመት ቀርቶታል። ይህችን መኪና ካልነዳ፣ ወይ ሥራው ይቀራል ወይ እቴናት ብቻዋን ታመሻለች። ለዚህ ነው የማይቃጠለውን የሚፈልገው።

"እስቲ ይግቡ መምህር። መንገድ ላይ እንዳሉ ሆነው ይቀመጡልኝ።"

ይገባል። ሞተሩ አልተነሳም። ፔዳሉን ረግጦ ማርሽ ያስገባል፣ ይለቃል፣ እግሩን ወደ ጎን ያሳርፋል። ሚልካ ክፍቱ በር አጠገብ ቁጢጥ ብላ ወደ ፊት እንዲያይ ትነግረዋለች። ወደ ፊት ያያል፤ የጭቃው ግቢ፣ የአድማሴ ፈረስ፣ ከገበያው በላይ የከበደ ደመና።

እቴናት እንዴት ናት ትለዋለች።

ትናንት ማንኪያውን ራሷ እንደያዘች ይነግራታል። ሾርባው ግማሹ አንሶላው ላይ ፈሰሰ፤ ግማሹን ግን ራሷ ጠጣችው። ሾርባው ሲያልቅ እንዳየችውና እንደሳቀች ይነግራታል።

"አሁን እግርዎ የት ነው?"

"ወለሉ ላይ።"

"እርግጠኛ ነዎት?"

"ተረከዜ ይሰማኛል እኮ፣ ልጄ።"

አድማሴ ከበሩ ዝቅ ብሎ ወደ መኪናው ውስጥ ያያል። ወደ ፈረሱ ዞሮ ያልላላ ልጓም ማጥበቅ ይጀምራል።

ሚልካ ማስመሪያውን ፔዳሉ ጎን አቁማለች። "እግርዎን ሳያነሡ እርስዎ ያንብቡት" ትላለች፤ ድምፅዋ የተማሪ ድምፅ ነው።

በኃይሉ ያጎነብሳል። ተረከዙ ወለሉ ላይ ነው። ጠዋት ራሱ የወለወለው ጥቁር ጫማ የፊት ግማሹ ግን ፔዳሉ ላይ ተኝቷል፤ የሌላ ሰው ጫማ ይመስላል። በሩ ላይ በጠመኔ የተጻፈውን ያያል፣ ከዚያ ማስመሪያውን። ልክ ሁለት ጊዜ ይነበባል ይል ነበር፤ ሁለት ጊዜ ያነብባል።

መቶ ሠላሳ ሰባት ሚሊ ሜትር።