የሟች እናት ምስክርነት

ልጇ አስማረ ከተቀበረ ወዲህ እናትየው ከቤት የወጣችው ዛሬ፣ ለምስክርነት ነው። ነጠላዋን አዘቅዝቃ እንደለበሰች ዳኛው ፊት ቆመች።

«እናቴ፣ ልጅዎን ሲወጋ ያዩት ሰው እዚህ አለ?» አሏት ዳኛው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

ተከሳሹ ጫንያለው ለአጨዳ ከሩቅ አገር የመጣ፣ እሷው ቤት ያደረ የቀን ሠራተኛ ነበር። ዘመድ አልቆመለትም። ሸሚዙ ላይ የሟች ደም በመገኘቱ ነው የተያዘው።

«እማማ፣ ልብ ብለው ይዩኝ» አላት። «ደሙ የነካኝ ከመሬት ሳነሳው ነው። እርስዎም በር ላይ ቆመው ነበር።»

እናትየው አየችው። ዓይኗን ሳትነቅል ብዙ አየችው። ከዚያ ጣቷን ቀሰረች።

«እሱ ነው» አለች።

ዕድሜ ልክ ተፈረደበት። ፖሊሶቹ ሲወስዱት እየዞረ እሷን ብቻ ያይ ነበር።

ከችሎቱ ሲወጡ፣ የቀረላት አንድ ልጇ ማንያዘዋል ደረጃው ላይ ሊደግፋት ቀኝ እጁን ዘረጋላት። እናትየው ወደ ኋላ ሸሸች።

«ወንድምህን በወጋህበት እጅ አትንካኝ» አለችው ሰው እንዳይሰማ ቀስ ብላ። «በግራህ ያዘኝ።»

ማንያዘዋል እጁን ቀየረ። ተደጋግፈው ደረጃውን ወረዱ።