አንተ እለፍ

«ለ ማን» በሚባለው የፈረንሳይ የመኪና ውድድር ሜዳ፣ ረጅሙ ቀጥተኛ መንገድ ላይ፣ ፍጥነቱ በሰዓት ሦስት መቶ ኪሎ ሜትር ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው፣ ሎይክ እግሩን ከነዳጅ መስጫው ላይ አነሳ። መኪናዋ አጉረመረመች። ከትከሻው እስከ ጭኑ በቀበቶ ተጠፍንጎ ነበር፤ እንደ ልቡ የሚያዘው ቀኝ እግሩን ብቻ ነበር፤ ዛሬ የቡድኑ አለቆች እሱንም ነጥቀውታል።

«አሁንም ፈጠንክ!» አለው መሐንዲሱ በጆሮ ማዳመጫው። «በልምምድ የፈጠነ ፋብሪካ፣ ለውድድሩ መኪናው እንዲከብድ አዘጋጆቹ ብረት ይጭኑበታል። ስንቴ ልንገርህ?»

«አባቴ መታጠፊያው ጋ ቆሞ እያየኝ ነው እኮ!»

«የውድድሩ ቀን ያይሃል። ዝግ በል!»

ሆን ብሎ እንደሚያዘግም ለአባቱ እንኳ ትንፍሽ እንዳይል አስምለውታል።

በዚህ መሀል የተቀናቃኙ ፋብሪካ ሰማያዊ መኪና ከጎኑ መጣች። ለዓመታት ጥርስ የነከሰበት ጀርመናዊ ሾፌር ጓንት ያጠለቀ እጁን አንስቶ «እለፍ» አለው። ሎይክም እጁን አነሳ፦ ኧረ አንተ እለፍ! በር ላይ ቆመው «እርስዎ ይቅደሙ» እንደሚባባሉ ሽማግሌዎች እየተጋበዙ፣ የዓለም ፈጣን መኪኖች ጎን ለጎን አዘገሙ። ከኋላቸው መብራት ብልጭ ድርግም አለ። በራሱ ገንዘብ የሚወዳደረው ጡረተኛ የጥርስ ሐኪም፣ ከእነሱ በብዙ በምታንስ መኪናው ሁለቱንም ጥሏቸው ነጎደ።

«ጎበዝ፣ ሎይክ! መንዳት እንዲህ ነው!» አለ መሐንዲሱ።

መታጠፊያው ላይ፣ ከአጥሩ ጥግ፣ አባቱ ቆቡን አውልቆ እያውለበለበ ነበር፤ ለጥርስ ሐኪሙ።