የጓሮው ባቡር

ለስኳር ፋብሪካው ሸንኮራ የጫነው ባቡር የተገለበጠው ሹፌሩ አንቀላፍቶ ነው ብለው የመስመሩ አለቃ አቶ ወርዶፋ መሰከሩ። ሹፌሩ ደግሞ አለቃው የሐዲዱን መቀየሪያ ያለጊዜው ስበውት ነው አለ። አቶ ወርዶፋ «እንኳን ልስበው፣ አሳሳቡንም አላውቀው» ብለው ማሉ። የታመኑት እሳቸው ነበሩ። ሹፌሩ ባቡሩ ላይ የነበረውን ታናሽ ወንድሙን ቀበረ፤ ሥራውንም አጣ።

ሲያረጅ ያንኑ መስመር ጓሮው ውስጥ አሳንሶ ሠራው፤ መቀየሪያውን ሳይቀር ከነአመሉ። ለዳግማይ ትንሣኤ ጎረቤቶቹን ሲጠራ አቶ ወርዶፋም የልጅ ልጆቻቸውን አስከትለው መጡ። እንግዶቹ ባቡሩን ወደ ፋብሪካው ለማዞር መቀየሪያውን ቢጎትቱት፣ ቢያባብሉት ንቅንቅ አልል አለ።

«ጋሽ ወርዶፋ፣ እስቲ እርስዎ ይሞክሩት» አለ ሹፌሩ።

«አሻንጉሊት አሸነፋችሁ?» እያሉ ጎንበስ አሉ። እጀታውን መጀመሪያ ሽቅብ ከፍ አደረጉት፤ ከዚያ ሳቡት። ባቡሩ ታጠፈ፤ ልጆቹ አጨበጨቡ።

የፋብሪካው መቀየሪያም ሽቅብ ከፍ ካላደረጉት አይሳብም ነበር።

ሹፌሩ ወደ ልጆቹ ዞረ። «ባቡሩን ለእናንተ ሰጥቻችኋለሁ» አለ ሁሉም እንዲሰማ። «አሳሳቡን አያታችሁ ያሳዩአችኋል፤ የቀረውን እኔ እነግራችኋለሁ።»